ጊታሩን ወደ ዘፋኟ ማምጣት፦ የተንቀሳቃሽ ኮርዶች መመሪያ

ይህን ትምህርት በግድ የተማርኩት ሐይቅ አጠገብ በተደገሰ አንድ ሠርግ ላይ ነው። ጊታር ከያዝኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ከአንገቱ ጫፍ ላይ የሚያዙትን ክፍት ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆችን)፣ ኤ ማይነሩን፣ ሲውን፣ ጂውን፣ ኢ ማይነሩን፣ ዓይኔን ጨፍኜ እይዛቸዋለሁ፤ ስለዚህም ጊታር የቻልኩ መስሎኝ ነበር። እራት ከተበላ በኋላ አንዲት እናት ትዝታ ሊያዜሙ ብድግ አሉ። ድምፃቸው እኔ ከማውቃቸው ኮርዶች ከአንዱም ጋር አልገጥም አለ፤ በሁለት ኮርዶች መካከል ገብቶ ቁጭ አለ። "እትዬ፣ ትንሽ ዝቅ ብለው ቢጀምሩልኝ" አልኳቸው። ሳቁና "ልጄ፣ እኔን ወደ ጊታርህ አትጎትተኝ፤ ጊታርህን ወደ እኔ አምጣው እንጂ" አሉኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ክራር መቺ ክሮቹን ጠበቅ፣ ላላ አድርጎ ተከተላቸው። እኔ ጊታሬን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ሳጨበጭብ አመሸሁ።

የሚያሳፍረው ነገር፣ የእኔ ሥራ ከክራር መቺው ይልቅ ቀላል መሆን ነበረበት። እሱ የዘፋኟን ድምፅ ለማግኘት ክሮቹን አንድ በአንድ መቃኘት አለበት። ጊታር ግን በፍሬት፣ ማለትም በተደረደሩ ቀጫጭን ብረቶች፣ የተከፋፈለ አንገት አለው። እያንዳንዱ ፍሬት ድምፁን በግማሽ ድምፅ ከፍ ያደርጋል፤ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ በትክክል ለሁለት ይከፈልና ያው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይመለሳል። ስለዚህ በአንድ ኮርድ ውስጥ የሚሰሙት ድምፆች በሙሉ በጣት የተያዙ ከሆኑ፣ ማለትም ያለ ጣት የሚጮህ ክፍት ክር ከሌለ፣ የጣቶቹን ቅርጽ ሳይቀይሩ እጅን ማንሸራተት ብቻ ሌላ ኮርድ ይሰጣል። ተንቀሳቃሽ ኮርድ የምንለው ይህንን ነው። አራት ቅርጽ የያዘ ሰው በ12 ፍሬት ውስጥ የትኛውንም ሜጀር (ደስ ደስ የሚል) እና ማይነር (የሚያስተክዝ) ኮርድ ያገኛል።

ከመጀመራችን በፊት በቃላት እንግባባ። "1ኛ ክር" ስል ቀጭኑን፣ "6ኛ ክር" ስል ወፍራሙን ነው። ከወፍራሙ ጀምሮ ክሮቹ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ተብለው ይቃኛሉ። "ሲ" ስል የፊደሉን ሲ፣ ማለትም ዶን ነው እንጂ የዶ ሬ ሚዋን ሲ አይደለም፤ በዚህ ብቻ ስንት ተማሪ ከመምህሩ ጋር እንደተጣላ እኔ ነኝ የማውቀው። "ወደ ላይ" ስል ደግሞ ድምፁ ወደሚወጣበት፣ ወደ ጊታሩ ሆድ ማለቴ ነው፤ እጅዎ ወደ መሬት ቢያዘነብልም ያው "ላይ" ነው። ኮርዶቹን በቁጥር ስጽፍ ከ6ኛው ክር ወደ 1ኛው ነው፤ "ዝ" የተጻፈበት ክር ዝም ይበል፣ አይመታ።

በቅድሚያ ጊታሩን ይመርምሩ

ብዙ ሰው የጣቱ ድክመት ነው ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው በጊታሩ ጥፋት ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩና የፍሬቱ ብረት ምን ያህል እንደተራራቁ በማስመሪያ ይለኩ። የብረት ክር ባለው ጊታር 6ኛው ክር ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከራቀ፣ የናይለን ክር ባለው ደግሞ ከ4 ከዘለለ፣ ስድስት ክር በአንድ ጣት መጫን ለጀማሪ ቅጣት ነው። ሙያው ላለው ሰው ያሳዩትና ያስወርዱት። ጊታር ገና የሚገዙ ከሆነ ከቀለሙ በፊት ይህን ይመልከቱ። ናይለኑ ለጣት ይራራል፤ አንገቱ ግን ሰፋ ስለሚል ለባር ኮርድ፣ በአንድ ጣት ብዙ ክር ለሚጫንበት፣ እጅን ይበልጥ ያስዘረጋል። ሁለቱም ይሆናሉ።

ቃኝተው ይጀምሩ፤ ስልክ ላይ የሚጫን መቃኛ ይበቃል። ከደሴ ተነሥተው ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ከገቡ ደግሞ እንደገና ይቃኙ፤ ሙቀቱ ክሩን ያላላዋል፤ ቅዝቃዜው ያከረዋል። በደሴ ጠዋት ደግሞ ጣት አይታዘዝም። ጣቶችዎን ሻይ በያዘ ብርጭቆ ላይ አሙቁና ይጀምሩ ብል አይሳቁብኝ፤ በደነዘዘ እጅ ባር ኮርድ የሚታገል ሰው አንጓውን ይጎዳል።

የሁለት ክሮች ካርታ

ቅርጹን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ቅርጹ የት ሲቀመጥ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ የ6ኛውንና የ5ኛውን ክር ድምፆች ብቻ በቃል መያዝ ይበቃል፤ የቀሩትን አራት ክሮች ለጊዜው ይርሷቸው።

6ኛው ክር ላይ፦ ክፍቱ ኢ፣ 1ኛው ፍሬት ኤፍ፣ 3ኛው ጂ፣ 5ኛው ኤ፣ 7ኛው ቢ፣ 8ኛው ሲ፣ 10ኛው ዲ፣ 12ኛው ተመልሶ ኢ።

5ኛው ክር ላይ፦ ክፍቱ ኤ፣ 2ኛው ቢ፣ 3ኛው ሲ፣ 5ኛው ዲ፣ 7ኛው ኢ፣ 8ኛው ኤፍ፣ 10ኛው ጂ፣ 12ኛው ኤ።

ቢ እና ሲ፣ እንዲሁም ኢ እና ኤፍ ጎን ለጎን ናቸው፤ በመካከላቸው የሚዘለል ፍሬት የለም። የቀሩት ሁሉ አንድ ፍሬት ዘለው ነው የሚገኙት፤ የተዘለለው ፍሬት የታችኛው ሻርፕ ወይም የላይኛው ፍላት ይባላል። አብዛኛው ጊታር 3ኛው፣ 5ኛው፣ 7ኛውና 12ኛው ፍሬት ላይ ነጥብ ስላለው ካርታው ከሚመስለው ይልቅ ይቀልላል። ሦስት ቀን፣ በቀን አሥር ደቂቃ፣ ድምፁን በአንድ ጣት እየመቱ ስሙን ጮክ ብለው ይጥሩ። ከቤተ ሰብ አንዱ "ዲ!" ብሎ ሲጠራ ሁለቱም ክር ላይ ማግኘት ከቻሉ ይህ ክፍል አልቋል።

በሁለት ድምፅ መጀመር

መምህራን ብዙ ጊዜ በኤፍ ባር ኮርድ ይጀምሩና ተማሪው በሳምንቱ ጊታሩን ሶፋ ሥር ይደብቀዋል። እኔ በፓወር ኮርድ ነው የማስጀምረው። ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፦ መነሻውና ከእሱ አምስተኛው።

አመልካች ጣትዎን 6ኛው ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ያድርጉ። የቀለበት ጣትዎን 5ኛው ክር 7ኛ ፍሬት ላይ፣ ትንሿን ጣት ደግሞ 4ኛው ክር 7ኛ ፍሬት ላይ ያሳርፉ፤ እሷ መነሻውን አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጋ ትደግመዋለች። 5-7-7-ዝ-ዝ-ዝ ሆነ። ይህ የኤ ፓወር ኮርድ ነው። አመልካች ጣትዎ ቀጭኖቹን ክሮች በስሱ ነክቶ ዝም ያሰኛቸው፤ አይጫናቸው። አሁን እንዳለ ወደ 3ኛው ፍሬት ይውሰዱት፤ ጂ ይሆናል። ወደ 8ኛው፤ ሲ። ወደ 10ኛው፤ ዲ። ይኸው ቅርጽ አንድ ክር ወርዶ በ5ኛው ክር ላይም ይሠራል፦ ዝ-5-7-7-ዝ-ዝ የዲ ነው።

ሲያንሸራትቱ ጣቶችዎን ከክሩ ላይ አያንሡ። ጫናውን ብቻ ያላሉ፤ ጣቱ ክሩን እንደ ሐዲድ ይዞ ይሂድ፤ ሲደርሱ እንደገና ይጫኑ። ዓይንዎ ከእጅዎ ቀድሞ መድረሻውን ፍሬት ይመልከት። እጅ ዓይንን ይከተላል፤ እጁን የሚያይ ሰው ግን ሁልጊዜ በአንድ ፍሬት ይስታል።

ይህ ኮርድ ሜጀርም ማይነርም አይደለም፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ሦስተኛው ድምፅ በውስጡ የለም። የሮክ ጊታሪስቶች ለጉልበቱ ይወዱታል፤ እኛ ወሎዎች ደግሞ ለሌላ ምክንያት እንፈልገዋለን፤ ቅኝቶቹ ጋ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ባሩ

አሁን ወደ አስፈሪው እንሂድ። ባር ማለት አመልካች ጣት ዘንግ ሆኖ ክሮቹን በአንድ ጊዜ መጫን ነው። በ5ኛው ፍሬት ይጀምሩ፤ በ1ኛው አይጀምሩ። ምክንያቱ ሁለት ነው። የክሩ ርዝመት 65 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጊታር ላይ የ1ኛው ፍሬት ክፍተት 3.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ 5ኛው ግን 2.9 ያህል ብቻ ስለሆነ ጣት ብዙ አይዘረጋም። ደግሞም ክሩ በአንገቱ ጫፍ ላይ ካረፈበት ጠርዝ አጠገብ ሲጫኑት ይገትራል፤ ወደ መካከል ሲመጡ ይለዝባል። ኤፍ የጀማሪ ኮርድ ተብሎ በመጀመሪያው ገጽ ላይ መቀመጡ የሆነ ሰው የሠራው ግፍ ይመስለኛል።

አመልካች ጣትዎን በ5ኛው ፍሬት ላይ ይዘርጉ፤ ከብረቱ ጀርባ ተጠግቶ፣ ግን ብረቱ ላይ ሳይወጣ። የጣቱን የመዳፍ ገጽ ሳይሆን ወደ አውራ ጣት የሚያየውን ጠንካራ ጎኑን ይጠቀሙ፤ ትንሽ ይንከባለል። የጣቱ ሥጋማ ክፍል በአንጓዎቹ መካከል ስለሚሰረጎድ ክሩ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ይታፈናል፤ ጣቱን ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ወፍራሙ ወይም ወደ ቀጭኑ ክር ገፋ ማድረግ ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታዋል።

አውራ ጣት ከአንገቱ ጀርባ፣ መካከል ላይ፣ ከመሃል ጣት ትይዩ ይሁን። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚሠራው ስሕተት እንደ ጉጠት በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል አንገቱን መጭመቅ ነው። በዚያ ሁኔታ ሁለት ደቂቃ አይቆዩም። ጉልበቱ ከክንድ ይምጣ፦ ክርንዎን ወደ ጎንዎ ጠጋ አድርገው የክንድዎን ክብደት ወደ ኋላ ይልቀቁት፤ ቀኝ ክንድዎ በጊታሩ ሆድ ላይ አርፎ ሚዛኑን ይይዛል። ለሙከራ አውራ ጣትዎን ከአንገቱ ላይ ያንሡና ኮርዱን ይምቱ። በክንድ ክብደት ብቻ ድምፅ ከወጣ አያያዝዎ ትክክል ነው።

ደግሞ አንድ የሚያቀልል ነገር ልንገርዎ። አመልካች ጣት ስድስቱንም ክሮች እኩል መጫን አይጠበቅበትም። ከታች በምናየው የሜጀር ቅርጽ 5ኛውን፣ 4ኛውንና 3ኛውን ክር ሌሎች ጣቶች ይይዟቸዋል። አመልካቹ በእርግጥ የሚሠራው በ6ኛው፣ በ2ኛውና በ1ኛው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ መካከሉ ቢላላ ግድ የለም፤ ጣቱ በትንሹ ወደ ውጭ ቢቀስት እንዲያውም ይሻላል።

የኢ ቅርጽ

ክፍቱን የኢ ሜጀር ኮርድ የሚያውቅ ሰው ቅርጹን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ በሌሎች ጣቶች መያዙና ከኋላው ባር መኖሩ ነው።

አመልካች በ5ኛው ፍሬት ባር ያድርግ። መሃል ጣት 3ኛው ክር 6ኛ ፍሬት ላይ፣ የቀለበት ጣት 5ኛው ክር 7ኛ ፍሬት ላይ፣ ትንሿ ጣት 4ኛው ክር 7ኛ ፍሬት ላይ። 5-7-7-6-5-5። ኤ ሜጀር ነው፤ ስሙን የሚሰጠው 6ኛው ክር ላይ ያለው ድምፅ ነው። አንድ በአንድ ይምቱና የታፈነውን ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው 2ኛው ክር ነው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ የተጋደመ መሃል ጣት 2ኛውን ነክቶት ይገኛል።

መሃል ጣቱን ያንሡ። 5-7-7-5-5-5። ኤ ማይነር ሆነ። አንድ ጣት በማንሣት ደስታው ወደ ትካዜ ዞረ። ሆኖም አሁን 3ኛውን ክርም አመልካቹ መጫን ስላለበት ባሩ ትንሽ ይከብዳል፤ ሥራ ያጣው መሃል ጣት አመልካቹ ጀርባ ላይ ወጥቶ ቢያግዘው አይከለከልም።

በ3ኛው ፍሬት ጂ፣ በ8ኛው ሲ፣ በ10ኛው ዲ። ኤፍን በመጨረሻ፣ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ፣ ፍሬት በፍሬት እየወረዱ ይድረሱበት፦ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1። እንደዚህ ሲመጣ እንደ ጠላት አይመጣም።

የኤ ቅርጽ

አሁን መነሻው 5ኛው ክር ላይ ነው። በማይነሩ ልጀምር፤ ለጣት ይቀላልና። አመልካች 5ኛው ፍሬት ላይ ከ5ኛው ክር እስከ 1ኛው ባር፣ መሃል ጣት 2ኛው ክር 6ኛ ፍሬት፣ የቀለበት ጣት 4ኛው ክር 7ኛ ፍሬት፣ ትንሿ 3ኛው ክር 7ኛ ፍሬት። ዝ-5-7-7-6-5፤ ዲ ማይነር። ልብ ብለው ካዩት ይህ የኢ ሜጀር ቅርጽ አንድ ክር ወደ ቀጭኖቹ ክሮች መሻገሩ ነው፤ እጁ ያውቀዋል።

ሜጀሩ ዝ-5-7-7-7-ዝ ነው። ሦስቱን 7ኞች በሦስት ጣት ለመደርደር ቦታ ይጠባል፤ ስለዚህ የቀለበት ጣትን አጥፎ 4ኛውን፣ 3ኛውንና 2ኛውን ክር በአንድ ላይ መጫን የተለመደ ነው። 1ኛው ክር በዚያው ጣት ተነክቶ ዝም ቢል ኮርዱ አይጎድልም፤ ድምፁ ሌሎቹ ክሮች ውስጥ አለና። የጣቱ አንጓ ወደ ኋላ የማይቀለበስለት ሰው ሦስቱን በትንሿ ጣት ይሞክር። የአንዱ እጅ ከሌላው አይመሳሰልም፤ የመጽሐፍ ሥዕል ስላልገጠመዎት አይዘኑ።

ሁለቱ ቅርጾች ሲገናኙ ጨዋታው ይጀመራል። በ5ኛው ፍሬት የኢ ቅርጽ ኤ ነው፤ እዚያው ፍሬት ላይ የኤ ቅርጽ ዲ ነው፤ ከዚያ ሁለት ፍሬት ከፍ ብሎ የኤ ቅርጽ ኢ ነው። መነሻ፣ አራተኛና አምስተኛ፤ በዓለም ላይ ካሉ ዘፈኖች እጅግ ብዙዎቹ የሚቆሙባቸው ሦስት ኮርዶች ከአንድ መዳፍ ስፋት ሳይወጡ ተገኙ። እጅዎን እንዳለ ወደ 7ኛው ይውሰዱ፤ ሦስቱም አብረው ይሄዳሉ።

ከቅኝቶቹ ጋር

እዚህ ድረስ ያለውን ማንም አገር ያለ ጊታሪስት ይነግርዎታል። ወሎ ቁጭ ብሎ ጊታር ለሚማር ሰው ግን ዋናው ጥያቄ ገና ነው። ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶች ሁለቱ ስማቸውን የያዙት ከዚሁ ምድር ነው፤ ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር ሲወርዱ ያለችው የሰኞ ገበያዋ ከተማ፣ አምባሰል ደግሞ ከሐይቅ ወደ ሰሜን ሲጓዙ የሚያዩት ተራራማ አገር። ቅኝቶቹ ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። የተለመደው ኮርድ ደግሞ ሦስት ድምፅ ይፈልጋል፤ ከሦስቱ አንዱ ቅኝቱ ውስጥ ከሌለ ኮርዱ ዜማውን ያበላሸዋል። ጎበዝ ጊታሪስት ትዝታ ሲያጅብ አንድ ነገር "የፈረንጅ" ሆኖ ከተሰማዎት፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ያ አንድ ባዕድ ድምፅ ነው።

ትዝታ ሜጀርን በሲ እንያዝ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። በእነዚህ ድምፆች ብቻ የሚሠሩት ሙሉ ኮርዶች ሁለት ናቸው፤ ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር። ሲ ሜጀር በ8ኛው ፍሬት የኢ ቅርጽ ነው፤ ኤ ማይነር ደግሞ ሦስት ፍሬት ዝቅ ብሎ በ5ኛው የማይነሩ ቅርጽ። ጂ ሜጀር ቢመቱ ቢ የሚባል እንግዳ ድምፅ ይገባል። መፍትሔው ያ ሁለት ድምፅ ብቻ ያለው ፓወር ኮርድ ነው፦ ጂ እና ዲ፣ ሁለቱም ቅኝቱ ውስጥ አሉ። 5ኛው ክር 10ኛ ፍሬት ላይ፣ ማለትም ከመነሻዎ ሁለት ፍሬት ከፍ ብሎ ያገኙታል።

ትዝታ ማይነርን በኤ፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ። ኤ ማይነር በ5ኛው ፍሬት፤ ከእሱ አራት ፍሬት ዝቅ ብሎ ኤፍ ሜጀር። ሦስተኛው የኢ ፓወር ኮርድ ነው፤ አሁንም 5ኛው ክር ላይ ከመነሻው ሁለት ፍሬት ከፍ ብሎ። እንግዲህ ሕጉ በፍሬት ቁጥር ሊያዝ ይችላል፦ ለሜጀሩ ሦስት ዝቅ ብሎ ማይነር፣ ለማይነሩ አራት ዝቅ ብሎ ሜጀር፣ ለሁለቱም ሁለት ከፍ ብሎ ባዶውን ፓወር ኮርድ። የኮርዱን ስም ባያውቁትም እጅዎ ይደርሳል።

ወደ አምባሰል ስመጣ እጄ ራሱ ደስ ይለዋል። በኤ ከያዝነው ድምፆቹ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ናቸው። መነሻው ላይ ሜጀር ሦስተኛም ማይነር ሦስተኛም የለም! ስለዚህ ቤቱ፣ ዜማው የሚያርፍበት ኮርድ፣ ሜጀርም ማይነርም አይሆንም፤ በ5ኛው ፍሬት ያለው ባዶ ፓወር ኮርድ ነው። ከዚያ እዚያው ፍሬት ላይ በኤ ቅርጽ ዲ ማይነር፣ አንድ ፍሬት ከፍ ብሎ በኢ ቅርጽ ቢ ፍላት ሜጀር። ሁሉም ጣት ሥር ነው። ማሪቱ ለገሠ ያነገሠችውን ዜማ የሚያውቅ ጆሮ ያንን አንድ ፍሬት ከፍ ብሎ ተመልሶ ቤት የመግባትን ስሜት ወዲያው ይለየዋል። አምባሰል ላይ ኤ ማይነርን ሙሉውን የሚመታ ሰው ግን ሲን እየጨመረበት ነው፤ ዘፋኟ ፊቷን ካዞረችብዎ በዚህ ነው።

ባቲን ሰዎች ሜጀርና ማይነር ብለው ይከፍሉታል፤ ስያሜው ከሰው ሰው ይለያያልና ድምፁን ይያዙ። በኤ ሲጀመር ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ የሚለው ከትዝታ ሜጀር የሲ ድምፆች ጋር አንድ ነው፤ የሚለየው ቤቱ ነው። ኤ ማይነርና ሲ ሜጀር፤ በተጨማሪም የዲ ፓወር ኮርድ። ሌላው ኤ፣ ሲ ሻርፕ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ሻርፕ ነው፤ በ5ኛው ፍሬት ኤ ሜጀር፣ ከዚያ 5ኛው ክር 4ኛ ፍሬት ላይ በማይነሩ የኤ ቅርጽ ሲ ሻርፕ ማይነር።

አራተኛውን ቅኝት፣ አንቺ ሆዬን፣ ጀማሪ በሙሉ ኮርድ እንዲያጅብ አልመክርም። መነሻውን ድምፅ በ6ኛው ክር ላይ ብቻ በየምቱ እየደገሙ ዘፋኙን ተሸክመው ይሂዱ፤ ያምራል። በጠቅላላው ከክራርና ከማሲንቆ ጋር ሲጫወቱ ጥቂት ክር መምታት ይበልጣል። የማሲንቆ ጣት የሚያርፍበት ድምፅ ሁልጊዜ ከፍሬት ጋር አይገጥምም፤ ስድስት ክር አንድ ላይ ሲያስጮኹ ልዩነቱ ያፈጣል፤ ሁለት ሦስት ክር ሲሆን ጆሮ ይቅር ይላል።

የዘፋኙን ድምፅ ማግኘት

ዘፋኙ አረፍ የሚልበትን፣ ዜማው ቤት የሚገባበትን ድምፅ ይስሙ። በአንድ ጣት 6ኛው ክር ላይ በዝግታ እየተንሸራተቱ ይፈልጉት። አገኙት፤ 4ኛው ፍሬት ነው እንበል። ስሙ ጂ ሻርፕ ነው፤ ግን አሁን ስሙ አያስጨንቅዎ፤ ቅርጹን እዚያው ይትከሉ። ድምፁ ከ8ኛው ፍሬት በላይ ከወጣ ኮርዱ ይቀጥናል፤ አምስት ፍሬት ቀንሰው 5ኛው ክር ላይ ያገኙታል። ለምሳሌ 6ኛው ክር 9ኛ ፍሬት ላይ ያለው ድምፅ 5ኛው ክር 4ኛ ፍሬት ላይ አለ። ዘፋኟ በመካከል "ጋሼ፣ ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ" ብትልዎ አንድ ወይም ሁለት ፍሬት ወደ ላይ፤ በቃ። ካፖ የሚባለው መያዣም ይህን ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን ዘፈን መካከል ካፖ ሲፈታ የሚያሳየውን ትርምስ ያየ ሰው በጣቱ ይተማመናል።

ተንቀሳቃሽ ኮርድ ሌላም ጥቅም አለው፤ ክፍት ክር ስለሌለበት ዝም ማሰኘት ይቻላል። ኮርዱን መትተው ወዲያው ጫናውን ያላሉ፤ ድምፁ ቁርጥ ይላል። ለችክችካው ባለ ስድስት ምት ይህ ግማሽ ሥራ ነው፦ በ1 እና በ4 ላይ ይጫኑ፤ በቀሩት ላይ ጣቱ ክሩን ነክቶ ቀኝ እጅ ብቻ ይምታ። ከበሮ ሳይኖር ከበሮ ያለ ይመስላል።

የልምምዱ መጠን

በቀን 15 ደቂቃ፣ በሳምንት ስድስት ቀን፤ እሑድ ሁለት ሰዓት ከመታገል ይሻላል። አምስት ደቂቃ ባር ይዞ ክር በክር መፈተሽ፣ አምስት ደቂቃ በደቂቃ 60 ምት እየቆጠሩ በአራት ምት አንድ ጊዜ ቦታ መቀየር፣ የቀረውን አንድ ቅኝት። መብራት ከጠፋ ልምምዱን አያቋርጡ፤ ጨለማ ውስጥ ፍሬቱን በመዳሰስ መፈለግ ከየትኛውም መምህር ይበልጣል። የጣት ጫፍ ቢቆስልና ቢጠነክር የሚጠበቅ ነው። የእጅ አንጓ ወይም የአውራ ጣት ሥር ሕመም ግን የአያያዝ ስሕተት ምልክት ስለሆነ ያቁሙ፤ ለሁለት ቀን ፓወር ኮርዱን ብቻ ይጫወቱ፤ ከዚያ በክንድ ክብደት እንደገና ይሞክሩ። ቀስ በቀስ ንጹሕ ባር ኮርድ ለማውጣት ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት የወሰደባቸውን ብዙ ልጆች አይቻለሁ።

ፈተናው ቀላል ነው። ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ጊታርዎን ይዘው እናትዎ ወይም አያትዎ አጠገብ ይቀመጡና የሚወዱትን እንዲያንጎራጉሩ ይለምኗቸው። ከየት ይጀምሩ ብለው አይንገሯቸው፤ ድምፃቸው ከወደደበት ይነሡ። በሁለተኛው ስንኝ ካልደረሱባቸው ጊታሩን ጭንዎ ላይ አስተኝተው ያጨብጭቡላቸው፤ ነገም ቡና ይፈላል።